የጋሽ ሀብቴ አምፖል

ስሙኝማ፣ እኔ የሞተ ሰው ታየ፣ በባዶ ቤት ድምፅ ተሰማ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ አልማዝ «አንተ እኮ አንድ ቀን ያገኝሃል» ስትለኝ እንኳ «ያግኘኝና ልየው» እያልኩ ነበር የማበሽቃት። ይሄን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ቴፒ መብራት ከጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም፣ እማዬ ሳንባዋን ታማ የኦክስጅን ማሽን ሲታዘዝላት ጣሪያው ላይ ሶላር፣ መኝታ ቤቷ ጥግ ባትሪ ያስገጠምኩት ለዚሁ ነው። በኛ ሰፈር ደግሞ ባትሪ ያለው ሰው ለጎረቤት ሽቦ ሳይዘረጋ አይቀርም፣ እኔም በአጥር አሻግሬ ለጋሽ ሀብቴ አንድ አምፖል አበራሁላቸው። ከቡና እርሻ ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጨለማ የሚፈሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያርፉ አምፖሏን እዚያው ትቼ ሽቦውን ራሴ ጠቅልዬ ዕቃ ቤት ሰቀልኩት፣ እህታቸውም ቤቱን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ወደ ጌጫ ተመለሰች።

ያን ሰሞን ዝናቡ ፀሐይ አላሳየንም፣ ባትሪው በቅጡ አልሞላም፣ አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። ከማሽኑና ከእማዬ ራስጌ ካለችው አምፖል በቀር ሁሉን ነቀልኩ፣ ቢሆንም ባትሪው ሲደክም የሚያስጠነቅቀው ኢንቨርተር ይጮሃል፣ የባትሪው ቁጥር ዓይኔ እያየ ይወርዳል፣ ሌላ ነገር እየመጠጠው ነው። ማሽኑ ከቆመ እማዬ እንደማታነጋ አውቃለሁ፣ በዚያ ጭቃ ደግሞ መኪና አይገኝም።

«አንተ፣» አለች አልማዝ በመስኮት እያየች፣ «ጋሽ ሀብቴ ቤት ማነው ያበራው?»

እመኑኝ፣ በርቷል። ዕቃ ቤት ሮጥኩ፣ ሽቦው እንደተጠቀለለ ተሰቅሏል። በዝናብ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ፣ ጓጉንቸሩም እንደተቆለፈ ነው፣ በበሩ ስንጥቅ ሳይ ያቺው አምፖል ከባዶው አልጋ በላይ ትበራለች፣ አልጋው ግን ሰው እንደሚገላበጥበት ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ይላል። ሳቁብኝ ከፈለጋችሁ፣ በሩን አንኳኳሁና «ጋሽ ሀብቴ፣ እማዬ አየር አጥሯት ልትሞትብኝ ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ያጥፉልኝ» አልኩ።

ጠፋ።

እንዴት ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም፣ ኢንቨርተሩ ዝም ብሏል፣ ቁጥሩም ረግቷል። ተመስገን ብዬ እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ልቀመጥ ስል እጇን ዘርግታ ከለከለችኝ።

«እዚያ ጋ አይደለም ልጄ፣ ሀብቴ ተቀምጧል። ብቻውን ጨለማ ውስጥ ከሚሆን ወደኛ ይምጣ ብዬ ጠራሁት፣ ለሁለታችንም አንድ መብራት ይበቃናል።»

የት ሄጄ እንደመጣሁ ማንም አልነገራትም።

እማዬ ይኸው እስከ ዛሬ አለችልኝ። መብራት በሄደ ቁጥር ግን እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ትለቃለች፣ ፍራሹም እዚያ ጋ ዝቅ ይላል። አልማዝ «በላቸው እንጂ፣ ይሂዱ በላቸው!» ትለኛለች፣ ከኔ በላይ የፈራ የለም፣ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ባትሪው አንድም ቀን አልቆብን አያውቅምና በምን አፌ ልበላቸው?