ለአንድ ሰው ብቻ የነበረው ቦታ

በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች መሐል፣ ከድንጋይ ከሰሉ ማዕድን ግርጌ በቆመች አንዲት ተጎታች ቤት ውስጥ ዴልበርትና ሻውና የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። በሸለቋችን እንደነሱ የሚዋደድ አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዴልበርት ከማዕድኑ ፊቱ ከሰል መስሎ ሲመጣ ሻውና በሩን ዘግታ ቆማ «ማነህ አንተ? ባሌን የት ጣልከው?» ትለዋለች፤ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሜሲ በሳቅ ትንከተከታለች። ከዚያ ባቄላው ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ምነው እንዲያ እንዳሉ በቀሩ!

አንድ ቀን የጉድጓዱ ጣሪያ ተደርምሶ የዴልበርትን ወገብ ሰበረው። ሐኪም የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘለት። ሕመሙ ረገበ፤ ክኒኑ ግን አለቅህም አለው። ሻውናም ጥርሷን ባመማት ቀን ከባሏ ብልቃጥ አንድ ዋጠች... አንድ ብቻ! ሐኪሙ ማዘዙን ሲያቆም መንገድ ላይ የሚሸጠውን የአደንዛዥ ዕፅ ዱቄት ያዙ። ዱቄቱ ውስጥ ፌንታኒል የሚባል፣ ቅንጣቱ ሰው የሚጥል መርዝ እንደሚቀላቀል ያውቃሉ፤ በሱ የሞቱ ጎረቤቶቻቸውን ቀብረዋል። እያወቁ ወሰዱት። ሱስ ማለት ይኸው አይደለም? የዴልበርት እናት እማማ ኦፓል አንድ ጠዋት ቢመጡ ሁለቱም ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ ሜሲ እናቷን «ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብኝ» እያለች ትወዘውዛለች። አያትየው ልጅቱን ታቅፈው ወጡ፤ ፍርድ ቤትም ለሳቸው ፈረደ። «ሰው ስትሆኑ ኑና ውሰዷት!» አሏቸው።

ባልና ሚስቱን የልጃቸው ናፍቆት አንገበገባቸውና ከተማ ወዳለው የሱስ ማገገሚያ ክሊኒክ ተያይዘው ሄዱ። ሳይተኙ፣ ከቤት እየተመላለሱ የሚታከሙበት ነው፤ ጠዋት ከምላስ ሥር የሚቀመጥ መድኃኒት ይሰጣል፣ ቀጥሎ በቡድን ሆነው ከአማካሪ ጋር ይነጋገራሉ። መዝጋቢዋ ግሌንዳ ወረቀቷን አገላበጠችና አንገቷን ደፋች።

«አሁን ያለን ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ተራ መጠበቅ አለበት።»

«እሷን ጻፊያት» አለ ዴልበርት።

«አይሆንም! ወገቡ የተሰበረው እሱ ነው!»

«ዝም በይ እስቲ፤ አንቺ ካልዳንሽ እኔን ማን ይጨቀጭቀኛል?» ብሎ ሳቀ። ግሌንዳም የሻውናን ስም ጻፈች።

በሳምንቱ «ምሥራች! ወንዝ ማዶ ያለው ክሊኒክ ተቀበለኝ!» አላት። ሻውና ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በአሮጌዋ ፒክአፕ ያደርሳታል፤ «በርቺ የኔ ጀግና» ይላትና ወደ ራሱ ሕክምና ይሄዳል። የሷ ጉንጭ እየሞላ መጣ። እሱ ግን ያልበዋል፣ ያንዘፈዝፈዋል፣ የቀመሰው ሁሉ አይረጋለትም። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ» ይላታል። ወይ ዴልበርት! የምን መድኃኒት? የተቀበለው አንድም ክሊኒክ አልነበረም! ሚስቱ ቦታዋን እንዳትለቅለት ብሎ ነው የዋሸው። እሷ በሐኪም እጅ ስትታከም እሱ ወንዙ ዳር፣ መኪናው ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ብቻውን ይታገል ነበር... ሃያ ሦስት ቀን!

በሃያ አራተኛው ቀን ዓርብ ወገቡ ተነሣበትና አቃተው። ዱቄቱን ድሮ የሚወስደውን ያህል ወሰደ። ሰውነት ለሳምንታት ካረፈ በኋላ የድሮውን መጠን እንደማይችለው ማን ይንገረው? ይህንን ክሊኒኩ ገና በመጀመሪያው ቀን ያስተምራል። ለሻውና ነግረዋታል። እሷ ደግሞ ለሱም የነገሩት መስሏት አላነሣችበትም...

ሻውና ከሕክምናዋ ስትወጣ ፒክአፗ የለችም። ደወለች፤ አያነሣም። አንዲት የቡድኗ ሴት አሳፍራት ሲሄዱ መኪናዋን ወንዙ ዳር አዩዋት። ሻውና ሮጣ በሩን ከፈተች፤ ከክሊኒኩ የተሰጣትን፣ ዕፅ የጣለውን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት ከቦርሳዋ አውጥታ በአፍንጫው ነፋችለት፣ ደገመች። «ዴልበርት! ተነስ እንጂ! ቤታችን እንሂድ!» እያለች ደረቱን ደበደበች። እሱ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

እሑድ ተቀበረ። ሰኞ፣ እማማ ኦፓል የልጃቸውን ልብስ ሊሰበስቡ መጥተው ሳለ ስልክ ጮኸ። ግሌንዳ ናት፤ የሆነውን ገና አልሰማችም።

«ሻውና፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ። የባልሽ ተራ ደርሷል፤ ነገ ጠዋት ይምጣ።»

«የምን ተራ? እሱ እኮ ማዶ ነው የሚታከመው...»

«ኧረ እዚሁ እኛ ጋ ነው የሚጠብቀው! አንቺ ቡድን ውስጥ ሳለሽ እየመጣ ‹አልደረሰም ወይ?› ይለኛል።»

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። አጠገቧ ቆመው የግሌንዳን ድምፅ የሰሙት እማማ ኦፓል የልጃቸውን ሸሚዝ ደረታቸው ላይ እንደያዙ ጮኹ።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው! የልጄን ቦታ ይዘሽ!»

«አዎ፣ እማማ። እኔ ነኝ» አለች ሻውና ወለሉ ላይ ተደፍታ። «ከእንግዲህ አልሄድም። ለማን ብዬ እድናለሁ?»

አሮጊቷ ሸሚዙን ይዘው ወጡ። ማክሰኞ ጠዋት ግን ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ግቢ!»

«እማማ...»

«ይቅር አላልኩሽም። ምናልባትም አልልሽም። ግን ልጄ የሞተለትን ቦታ ባዶ አታስቀሪውም። ግቢ ብያለሁ!»

ክሊኒኩ በር ላይ አወረዷት።

ዕጣ ፈንታ ምን ያህል ጨካኝ ነው! እሱ ሦስት ቀን ቢታገሥ... ስልኩ ሦስት ቀን ቀድሞ ቢደወል... ወይ እሷ ያንን የመጠኑን ነገር ብታነሣበት! የቱን እንውቀስ? ሻውና ዛሬም ትመላለሳለች፤ ሜሲንም እሑድ እሑድ ታያታለች። ልጅቱ «አባዬ ከምን ሞተ?» ብላ ስትጠይቃት «ታሞ» ትላታለች።