አንገቷ የዘመመ ጥንቸል

ኒዲያ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ጥንቸሏ ሚዛኗን ስታ ተንከባለለችና የእንስሳት ሐኪሙ ደረት ላይ አረፈች። ሐኪሙ ዊልመር ፔሳንቴስ በሁለት እጁ ያዛት።

«አንገቷ ከተጣመመ ስንት ቀን ሆነው?»

«አራት።»

«እስካሁን ምን አደረጉላት?»

«አማቴ ሰውነቷን በእንቁላል አሹላት። ክፉ ነፋስ መቷት ነው ይላሉ።»

ኩዌንካ ከተማ ውስጥ አንገቱ ለዞረ ሁሉ መጀመሪያ የሚደረገው ይኸው ስለሆነ ሐኪሙ አልሳቀም። ጆሮዋን ከፍቶ በመብራት አየ። የጥንቸሏ ዓይኖች ወዲያና ወዲህ ይርገበገባሉ።

«ነፋስ አይደለም። የውስጥ ጆሮዋ አመርቅዟል፤ ሚዛኗን የሚጠብቅላት እሱ ነው። ይህን መድኃኒት ጠዋትና ማታ በአፏ ይስጧት፤ ለስድስት ሳምንት። እንዳትንከባለል ፎጣ ጠቅልለው ግራና ቀኝ ይደግፏት። ጆሮዋ ውስጥ ግን ምንም ነገር እንዳያደርጉ።»

«ትድናለች?»

«ሕመሙ ይድናል። አንገቷ ግን እንደዘመመ ሊቀር ይችላል።»

ጥንቸሏን ፔሉሳን የገዛት የኒዲያ ባል ኦስዋልዶ ነበር። እሱ ከሞተ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ኒዲያ በቀብሩ ላይም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም። ይህችም ከሞተች ምን እንደሚሰማት አታውቅም። ምንም እንዳይሰማት ነበር የፈራችው።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ዶኛ ዞይላ መድኃኒቱን አይተው ከንፈራቸውን አጣመሙ።

«በእኛ ጊዜ ጥንቸል የምትድነው ድስት ውስጥ ነበር።»

ኒዲያ ፎጣዎቹን መጠቅለል ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት ፔሉሳ ባሰባትና ኒዲያ ወደ ሐኪሙ መልሳ ወሰደቻት። ዊልመር ጆሮዋን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ።

«ዘይት ነው። ጤና አዳም የተነከረበት ዘይት! ምን ብዬዎት ነበር? ሊገድሏት ነው?»

ማን እንደጨመረው ኒዲያ ወዲያው ገባት። ግን አሮጊቷን አሳልፋ መስጠት አልሆነላትም። ጥንቸሏን ቅርጫት ውስጥ መልሳ ወጣች። በቀጠሮዋም ቀን አልሄደችም።

ቅዳሜ ከሰዓት ዊልመር የጆሮ ማጠቢያውን ይዞ ራሱ መጣ። በሩን የከፈቱለት ዶኛ ዞይላ ናቸው።

«እሷን እንዳትቆጣት ዶክተርዬ» አሉ ገና ሳይገባ። «ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የልጄ ነበረች... እንዳትሞት ብዬ ነው።»



«እኔም ሳልጠይቅ ነው የተቆጣሁት» አለ ዊልመር።

ማዕድ ቤት ገብቶ ፔሉሳ የተኛችበት ሣጥን አጠገብ ተንበረከከ። ኒዲያ ከኋላው ቆማ ፎጣ ያዘችለት። የጥንቸሏን ጆሮ ቀስ ብሎ እያጠበ ያናግራታል።

«ደክሞሻል፣ አይደል? ምድሪቱ ስትዞርብሽ ሰው እንዳያይብሽ ትታገያለሽ... ብቻሽን።»

«አዎ» አለች ኒዲያ።

እጁ ቆመ። ኒዲያን «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብሎ አያውቅም። ዞር ሲል ጆሮው ቀልቶ ነበር።

«ይቅርታ... ለፔሉሳ ነበር ያልኩት።»

«አውቃለሁ። የመለስኩት ሳላስበው ነው።» ትንሽ ቆየችና «ቀጥል» አለችው።

«ይቀጥሉ» አላለችም። ሁለቱም ሰምተውታል።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። ጆሮዋን አጥቦ ሲጨርስም ከኒዲያ ጋር ሲያወጋ ያመሻል። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሕመሙ ጠፋ። ፔሉሳ አንገቷ እንደዘመመ ግድግዳውን ተጠግታ መሄድ ለምዳለች። የሚታከም ነገር አልነበረም። ዊልመር ግን በቀጣዩ ቅዳሜም መጣ።

«ዛሬ ማንን ልታክም ነው?» አሉት ዶኛ ዞይላ።

«ማንንም። ኒዲያን ላገባት እፈልጋለሁ። እሷ እሺ ብላኛለች፤ እርስዎን ካልጠየቅክ ግን አይሆንም አለችኝ።»

አሮጊቷ ሾርባ ቀዱ። ዊልመር በቅርብ ያገኘውን ወንበር ሊስብ ሲል እጁን ያዙት።

«ይኼ የልጄ ነው። ይኼ ባለበት ይቆይ።» ከመኝታ ቤታቸው ሌላ ወንበር እየጎተቱ አመጡና ከኒዲያ ጎን አደረጉት። «አንተ እዚህ ሁን።»

ተቀመጠ። ኒዲያ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ደነገጠች። ምላሷን አቃጥሏት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባውም አልቆም አለ።

«ትኩስ ነው» አለች።

«መቼስ ቀዝቃዛ አቅርቤልሽ አላውቅም» አሉ ዶኛ ዞይላ፣ ጨርቅ እያቀበሏት።