ቢጫዋ ፊሽካና የአያት ጣሳ

ፈንዲሻ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከእናቷና ከአያቷ ጋር በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። እውነተኛ ስሟማ ሌላ ነው። ግን ስትስቅ ድንገት ፍንድት ስለምትል ሰፈሩ ሁሉ ፈንዲሻ ይላታል። እናንተም እንደዚያው ጥሯት፤ አትቀየምም።

ያ ሕንፃ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። ያኔ ግን አርባ ሁለት ደረጃ ነበረው። ፈንዲሻ እየቆጠረች ነበር የምትወጣው። አስራ ሰባተኛው ደረጃ ጫፉ የተሸረፈ ስለሆነ ሁልጊዜ ትዘለዋለች። ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነበር። ሦስት ሰው ከገባ አንዱ መስኮቱ ጠርዝ ላይ መቀመጥ አለበት። እዚያ የምትቀመጠው ማን እንደነበረች መቼም አይጠፋችሁም። አይ ያቺ መስኮት! የጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የሚገባው በእሷ በኩል ነበር።

አያቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በአጃ ፋብሪካ ሠርተዋል። ሥራቸው ምን መሰላችሁ? ማሽተት! አዎ፣ ማሽተት። አትሳቁ። አጃው በትልቁ ማመሻ ውስጥ እየተገላበጠ ሲታመስ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ሽታውን ይከታተላሉ። ልክ ሲደርስ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እሳቱ ይጠፋል። ትንሽ ከቀደሙ አጃው ጥሬ ጥሬ ይላል። ትንሽ ከዘገዩ ያራል። ለዚህ ነው የሥራ ጓደኞቻቸው «ጋሽ አፍንጫ» የሚሏቸው። ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቻቸው አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጣሳ ሰጧቸው፤ ባለ ክዳን፣ ጎኑ ትንሽ የተጨረመተ። ከዚያ ወዲህ ለቁርስ የሚገዛው ሁሉ እዚያ ጣሳ ውስጥ ይገለበጣል፤ ፓኮው ይጣላል። የቤቱ ደንብ ነበር።

አያቷ ስኳር በሽታ ነበረባቸው። ዓይናቸውም ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ያንን ጭርምት ጎን በእጃቸው ዳብሰው ጣሳውን ያወርዳሉ። አጃውን በወተት ይበላሉ፤ ከዚያ መድኃኒታቸውን ይውጣሉ። ፈንዲሻም ከእሳቸው ጋር ትበላለች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ጎህ ሲቀድ ስለምትወጣ ቁርስ ላይ አትገኝም።

«አጃ፣ አጃ፣ ሁልጊዜ አጃ!» ትላለች ፈንዲሻ ከንፈሯን ጥላ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ካርቶን ካርቶን ይላል!»

«ካርቶን በልተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» ይሏታል አያቷ።

ያኔ ፍንድት ትላለች፤ አጃው ግን ሳህኑ ውስጥ ይቀራል።

በመጨረሻ እናቷ መረራት። አንድ እሁድ ማታ እራት ላይ ገንዘብ ሰጥታት እንዲህ አለቻት፦

«እንግዲያው አንቺው ምረጪ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ሱቅ ግቢ። የሚጠቅምም የሚጣፍጥም ካገኘሽ እሰየው! ግን የፓኮውን ፊት ተይና ጀርባውን አንብቢ። መጀመሪያ የተጻፈው ከሁሉ የበዛው ነው። ስኳርን ከላይ ካየሽው መልሺው። አያትሽም የሚበሉት ከዚያው ነው። አደራ!»

ልጆች፣ አደራ ከባድ ቃል ናት። ፈንዲሻ ግን እንደ ላባ አቅልላ ነው የተቀበለቻት።

ሰኞ ሱቅ ገባች። መደርደሪያው ላይ ኮርንፍሌክሱም፣ አጃውም፣ ሌላውም ተደርድሯል። አንዱ ፓኮ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ዳክዬ ይስቃል። ከሥሩ «ውስጡ ፊሽካ አለ!» ይላል። የፈንዲሻ አፍ ምራቅ ሞላ። ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። በቆሎ። ቀጥሎ ስኳር። ቀጥሎ ደግሞ የስኳር ዘመድ የሚመስል አንድ ረጅም ስም።

«ስኳር እኮ አንደኛ አይደለም፤ ሁለተኛ ነው» አለች ለራሷ። ሰው ሊያጠፋ ሲነሳ እንዴት ያለ ጎበዝ ጠበቃ እንደሚወጣው!

የቤተሰቡን ነገር የሚያውቀው ባለሱቅ ተመለከታት። «ለአያትሽ ከሆነ ይሄኛውን ውሰጂ» አላትና ሌላ ፓኮ አሳያት። አጃ ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም። ፓኮው ግን አመድማ ነው፤ ዳክዬ የለው፣ ፊሽካ የለው።

«አይ፣ እማዬ ይሄን ነው ያለችኝ» አለች ፈንዲሻ። የመጀመሪያዋ ውሸት እንዲህ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አያቷ ሬዲዮኑ አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በጣቷ ጫፍ እየሄደች ጣሳውን አወረደች። ከሥር የቀረ አጃ ነበር፤ በላዩ ላይ ገለበጠችው። ፓኮውን ቦጫጭቃ ከድንች ልጣጭ ሥር ቀበረችው። ቢጫ ፊሽካዋን ካልሲዋ ውስጥ ከተተች።

ማታ እናቷ መጣች። «ገዛሽ?»

«ገዛሁ።»

«ጀርባውን አነበብሽ?»

«አነበብኩ።»

ማንበቡንስ አንብባለች። ግን ልቧ ድው ድው ይል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት አያቷ ጣሳውን ከፈቱ። እጃቸው ቆመ። አፍንጫቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ፈንዲሻ ትንፋሿን ያዘች።

«ምነው አባባ?»

«ምንም» አሉ። ቀስ ብለው በሉ። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ? ደገሙ!

ፈንዲሻ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አላወቁም! ጣፋጩም እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ወተቱ ራሱ ማር ማር ይል ነበር። ግን ፊሽካዋን መንፋት አልቻለችም። ብትነፋት እናቷ «ከየት አመጣሽ?» ትላታለች። እንግዲህ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ አፏ ላይ ታደርጋትና ዝም ትላለች። የማይነፋ ፊሽካ ምን ያደርጋል? ረቡዕ ላይ ጣፋጩም እንደ መጀመሪያው ቀን አልጣፈጣትም።

ሐሙስ አያቷ ውሃ በውሃ ላይ ይጠጡ ጀመር። «እግሬን ከበደኝ፤ እርጅና መሰለኝ» አሉ። ፈንዲሻ ጠጋ አለቻቸው። ልንገራቸው ይሆን? ነገ፣ አለች። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ነገ የሚባለው ቀን ስንቱን ሰው እንዳታለለ!

አርብ ጠዋት አያቷ ትምህርት ቤት ሊያደርሷት አብረው ወጡ። አስራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ፈንዲሻ እንደ ልማዷ ዘለለች። ዞር ስትል አያቷ የደረጃውን ብረት ጨብጠው ቆመዋል። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ዞረብኝ፣ ልጄ» አሉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ዘመም አለ።

ፈንዲሻ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ድምፅ እምቢ አለ። እጇ ግን ካልሲዋ ውስጥ ገባ። ያቺን ፊሽካ አወጣችና ነፋች። ባለ በሌለ ኃይሏ ነፋች! ደረጃው ከላይ እስከ ታች አስተጋባ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስ በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወጣች። ጎረቤቶቹ አያቷን ደግፈው አወረዷቸው፤ በአንዱ መኪና ክሊኒክ ወሰዷቸው።

እናቷ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደረሰች። ሐኪሟ የአያቷን ደም ለክታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ስኳራቸው በጣም ከፍ ብሏል። ሰሞኑን የተለየ ነገር በልተዋል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች እናቷ። «ጠዋት አጃ ነው፤ ስኳር የሌለበት። ምሳና እራቱን የምሠራው እኔው ነኝ።»

«ምግቡ ካልተለወጠ እንግዲህ የሚወስዱት መድኃኒት አንሷቸዋል ማለት ነው። እጨምርላቸዋለሁ» አለች ሐኪሟ። ብዕሯን አነሳች።

ፈንዲሻ አያቷን አየች። አልጋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ብዕሩን አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ፓኮው ድሮ ተጥሏል። ብትናገር ደግሞ እናቷ ምን ትላለች? ልጆች፣ ያቺ ደቂቃ ከአርባ ሁለቱ ደረጃ ትረዝም ነበር። ፈንዲሻ በልቧ «አምላኬ፣ አፌን ክፈትልኝ» አለች።

«ተለውጧል!» ብላ ጮኸች። «ምግቡ ተለውጧል! አጃ አይደለም የገዛሁት። ስኳር ያለበት ነው። እኔ ነኝ! ፊሽካ አለው ብዬ… ጣሳው ውስጥ ደበቅኩት!»

እናቷ ፊሽካዋን አየች። ከዚያ ልጇን አየች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቁጣ ሺህ ጊዜ በተሻለ ነበር።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ጎሽ፣ እንኳን ነገርሽኝ» አለች በረጅሙ ተንፍሳ። «መድኃኒቱን ጨምሬላቸው ወደ ወትሮው አጃቸው ቢመለሱ ኖሮ ስኳራቸው ባንዴ ወርዶ ይጥላቸው ነበር።»

ፈንዲሻ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ይኼኔ ከአልጋው ድምፅ መጣ።

«እሷን ብቻ አትውቀሷት» አሉ አያቷ። «ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው፣ አፍንጫዬ ጡረታ አልወጣም። ማክሰኞ ክዳኑን ስከፍት ነው ያወቅኩት።»

«አውቀህ ነው የበላኸው?!» አለች እናቷ። «አባዬ!»

አያቷ ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። «እናትሽ በሕይወት ሳለች፣ ሳልታመም በፊት፣ እሁድ እሁድ አጃዬ ላይ አንድ ማንኪያ ማር ታደርግልኝ ነበር። ያን ጣሳ ስከፍት የእሷ ወጥ ቤት ሸተተኝ። አንዴ ብቻ አልኩ። ከዚያ አንዴ ደግሞ። ሸምግዬ ልጅ ሆንኩ። ናፈቀችኛ!»

እናቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ዓይኗን በጫፉ ጠረገች። ሐኪሟ ግን አልራራችም። «ሁለት ልጅ ነው ለካ የመጣልኝ!» ብላ ሁለቱንም እኩል ተቆጣቻቸው።

ማታ ቤት ሲገቡ ፈንዲሻ ጣሳውን ባዶ አድርጋ በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ እናቷ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ አደራሽን በላሁ። ይቅር በይኝ።» እናቷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። «እኔን ያስፈራኝ ስኳሩ ብቻ አይደለም፤ ዝም ማለትሽ ነው» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት አያቷ ተሻላቸውና ሰፊውን መጥበሻ አስወረዱ። ፈንዲሻ ያንን አመድማ ፓኮ ራሷ ገዝታ መጥታለች።

«አጃ ጥሬውን ካርቶን ነው፤ አልተሳሳትሽም» አሉ አያቷ። «ሳይታመስ ማን ብዪ አለሽ? ለካ ሙያዬን ረስቼ ጥሬውን ያበላሁሽ እኔው ነኝ። ነይ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። እሳቱ ቀስ ይበል። ሲደርስ እጅሽን አንሺ።»

ፈንዲሻ ጨፈነች። አጃው መጥበሻው ላይ ሹክሹክ ይላል። እጇን አነሳች።

«ቸኮልሽ! ይሄ ገና የጆንያ ሽታ ነው።»

ጠበቀች። ድንገት አንድ ሽታ መጣ። ለውዝ የሚመስል፣ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ የሚመስል። እጇ ብድግ አለ።

«እሰይ!» አሉ አያቷ። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። በምድጃም፣ በጥፋትም።»

የተወቀጠ ኦቾሎኒ ጨመሩበት፤ ትንሽ ቀረፋ፤ በላዩም ጥቂት የተከተፈ ፖም። እናቷ ጠባቧ ወጥ ቤት ገባች፣ ፈንዲሻ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ወጣች፣ አያቷ ጸለዩ፣ ሦስቱም በሉ። ፈንዲሻ ሳህኗን ጠርጋ ደገመች። አያቷ አንድ ማንኪያ ጎርሰው ብዙ ቆዩ።

«የእማማ ይመስላል?» አለቻቸው።

«አይ፣ የእሷ አይመስልም» አሉ። «ይሄ ያንቺ ነው።»

ከዚያ በኋላ አያቷ ስምንት ዓመት ኖሩ። የቅዳሜ አጃ የማመስ ሥራ የፈንዲሻ ሆነ። ዛሬ ያ ወጥ ቤት የለም፤ አያቷም የሉም፤ አጃ ሲታመስ ግን ሁሉም ተመልሰው ይመጣሉ። ሰማያዊውን ጣሳ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ከትምህርት በፊት ከእሱ ነው የበላችሁት። ፊሽካዋንም ታውቋታላችሁ፤ ግቢ ውስጥ ስትሯሯጡ ወደ ክፍል የምትጠሩባት ይህች በእኔ በመምህራችሁ አንገት ላይ ያለችው ቢጫዋ ናት። አሁን ሳልደብቃት እነፋታለሁ።

ልጆቼ፣ ምግብ ስትመርጡ የሽፋኑን ውበት ሳይሆን የውስጡን ነገር እዩ፣ ከተሳሳታችሁም ሰው ሳይጎዳ ቶሎ ተናገሩ።