ለግራ እጅ የተሠራ ቢላ

ሐፍሳ አብዱልሐሚድ ያን ቀን ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቨርጂንያው አሌክሳንድርያ ድረስ የነዳችው ለመጣላት ነው። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ተዘግቶ የወንዙ ድልድይ ላይ አርባ ደቂቃ ስለቆመች የምትናገረውን ሦስት ጊዜ ከለሰችው። በሦስተኛው ላይ ስድብ ጨመረችበት።

የጃፓን ቢላ የሚሸጥበት ቤት ጸጥ ያለ ነው። ቢላዎቹ እንደ ወርቅ በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ወጣት ርጥብ ድንጋይ ላይ ስለት ያመላልሳል፤ ደረቱ ላይ «ኢምራን» የሚል ስም ተለጥፏል። ሐበሻ መሆኑን ስታይ ንዴቷ ባሰ። በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችውን ሁሉ ወደ አማርኛ መገልበጥ ሊኖርባት ነው።

ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። «ይሄን ሪተርን ማድረግ እፈልጋለሁ። ጠማማ ነው።»

ኢምራን ቢላውን አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው። «ይሄን የሠሩት ሽማግሌ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠማማ አይሠሩም።»

«እንግዲያው ሥጋው ነዋ ጠማማ! አጥንቱን ተከተል ስለው ሥጋው ውስጥ ይገባል። ሥጋ ቤት ነው ያደግሁት፤ አጥንት መለየት ማንም አያስተምረኝም።»

«እስቲ አያያዝሽን አሳዪኝ።»

ያዘችው። በግራዋ።

ኢምራን ችግሩን እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያም በዚያ ሰዓት በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ ሊባል ከሚችለው ነገር ሁሉ የከፋውን መርጦ ተናገረ።

«እጅሽን ቀይሪያ!»

ሐፍሳ ይህን ነገር ከማንኪያ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። አራት ዓመቷ ላይ እናቷ ምሳ በቀረበ ቁጥር ግራ እጇን በሻሽ ከወገቧ ጋር ያስሯት ነበር። መብላቱን በቀኟ ለመደች። መጻፉንም ለመደች፤ ጽሑፏን ያየ ግን ለምን ተገደደች ይላል። ቢላ ብቻ እምቢ አላት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁን ደግሞ በጉልበቷ ባገኘችው ገንዘብ የገዛችው ዕቃ ሻጭ «ቀይሪ» ይላታል።

ስድቡን ተናገረችው። ቢላውንም ሪተርኑንም ትታ ወጣች። በሩን ልታላትመው ብትሞክር በራሱ ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት ሆኖ ንዴቷን አበላሸባት።

በሦስተኛው ቀን ኢምራን ሳጥኑን ይዞ፣ ቢላው የተላከበትን አድራሻ ተከትሎ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። በቤተሰቧ ሥጋ ቤት ውስጥ ሐፍሳ ሒሳብ መቀበያው ላይ ተቀምጣለች፤ ፊት ለፊት የሚቆርጡት አባቷ ጋሽ አብዱልሐሚድ ናቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ይሄ ቢላ የተሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎኑ ሜዳ ነው። ለቀኝ እጅ ተሠርቶ በግራ ሲያዝ ይሸሻል። በኢንተርኔት ስትገዢ በየትኛው እጅ ነው የምትሠሪው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።»

ሐፍሳ ይቅርታ ከሚጠይቅ ሰው ጋር እንዴት እንደሚጣሉ አታውቅም። ቢሆንም ሞከረች። «ሦስት ቀን ሙሉ የት ነበርክ ታዲያ?»

«ስፈራ ነበር።»

ቀና ብላ አየችው። እውነቱን ነው። ዓይኑን አልሰበረም፤ ሳጥኑን ያቀፈበት እጁ ብቻ ሥራ የፈታ ይመስል ክዳኑን ይነካካል።

«ሠሪው ሽማግሌ ለግራ እጅ የሚሆንም ይሠራሉ» አለ። «በትእዛዝ ብቻ ነው። ሰባት ወር ይፈጃል።»

«ሰባት ወር! እኔ እኮ ሰባት ወር የለኝም።»

እውነትም ሰባት ወር አልነበራትም። የአባቷ ትከሻ ከተጎዳ ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙ ቢላ እንዲያስቀምጡ ነግሯቸዋል። ቦታውን የሚይዝ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሰውየው ሐፍሳ እንዳትሆን ግን ቆርጠዋል። ከጓሮ ሙሉ በግ በሃያ ደቂቃ ትበልታለች። ፊት ለፊት፣ ሰው እያየ፣ በግራ? አይሆንም። ኢማሙን ጠይቃ «መብላትና መቁረጥን ምን አገናኘው?» ብለውኛል ስትላቸው፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ «ኢማሙ ሥጋ የሚገዙት እኛ ጋ አይደለም» ብለው ዘጉት።

ያም ሆኖ ቢላው ታዘዘ። እስኪደርስም ኢምራን እሑድ እሑድ ሱቁ ሳይከፈት ስለት መሳል ያስተምራት ጀመር።

በመጀመሪያው እሑድ አጠገቧ ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ምነው፣ ሸሸህ?» አለችው።

«የእኔ ቀኝ ባንቺ በኩል ግራ ነው። እንደ መስታወት እይኝ። ምንም ነገር መገልበጥ የለብሽም።»

ሐፍሳ ቢላውን አነሳች። በሕይወቷ ያስተማሯት ሰዎች ሁሉ ጎኗ ቆመው እጇን ይዘው ነው ያስተማሯት። ለእሷ ብሎ ቦታውን የቀየረ ሰው አይታ አታውቅም። ድንጋዩን አራሰችና ስለቱን ማመላለስ ጀመረች። ቀና ስትል እሱም ቀና ይላል፤ መስታወት ነውና። ሁለቱም ስለቱን እናያለን ብለው ተያዩ። በዚያ ቀን የተሳለው ቢላ ደነዘ።

ቢላው የደረሰው የአረፋ በዓል አንድ ወር ሲቀረው ነው። ከጃፓኗ የሳካይ ከተማ፣ በእንጨት ሳጥን፤ ኢምራን ሥጋ ቤቱ ጓሮ ድረስ ይዞላት መጣ። ጠንካራው ብረት በለስላሳው ላይ በእሳት ተጋጥሞ፣ መገናኛቸው ላይ እንደ ጭጋግ የሚመስል መስመር ቀርቷል። የተሳለው ጎን በግራ፣ ሜዳው በቀኝ። ሐፍሳ ያዘችውና የበግ ትከሻ ላይ አሳረፈችው። ቢላው አጥንቱን እንደሚያውቀው መንገድ ተከትሎ ወረደ፤ ሥጋው ሳይቀደድ ተለየ። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ፊቷን አዞረች፤ በሽንኩርት እንኳን እንዳታመካኝ ሽንኩርት አልነበረም።

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት ኢምራን፣ ጀርባዋን እያየ።

«ይሄን እስክትጠይቅ ነው ሰባት ወር የፈጀው?» አለች፣ ሳትዞር።

ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩ። መሪው የደሴው ጋሽ አለማየሁ ናቸው፤ ግሪንቤልት የሚኖሩ የቀድሞ ታክሲ ነጂ። ለሽምግልና ሲሆን እስላም ክርስቲያን የለም፤ አፍ ያለው ይመረጣል። እሳቸው ደግሞ አፍ ነበራቸው። ዘሩን አነሱ፣ ጨዋነቱን አነሱ፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ ገና ሲያቅማሙ አንድ ነገር ጣል አደረጉ።

«ልጅዎን ከዚህ ከደምና ከአጥንት ሥራ እናሳርፍልዎታለን። ከእንግዲህ ቢላ አትይዝም።»

ጋሽ አብዱልሐሚድ እሺ አሉ። በማግስቱ ሮክቪል ለሚኖረው ለእህታቸው ልጅ ደወሉ። ልጁ ስልክ መሸጫ ሱቅ የሚሠራ ትሑት ሰው ነው፤ ጭንና ትከሻ የሚለየው በጥያቄ ነው። ሥጋ ቤቱን ተረከብ ተባለ።

ሐፍሳ ነገሩን ከእናቷ የሰማችው በዘጠነኛው ቀን፣ በደስታ መልክ ነው። ወዲያው መኪናዋን አስነሳች። በዚያ ቀን ድልድዩ ክፍት ስለነበር የምትለውን ለማለዘብ ጊዜ አላገኘችም።

«አንተ ነህ እንዲህ በሉ ያልካቸው?»

ኢምራን ምን እንደሆነ አልጠየቀም። «ወላሂ አላልኩም። ጋሽ አለማየሁ ናቸው የጨመሩት፤ ንግግሩ እንዲያምርላቸው።»

«መቼ ሰማህ?»

ዝም።

«መቼ ሰማህ ነው የምልህ!»

«የዛኑ ዕለት።»

«ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን በአፍህ ይዘኸው እንደምን አደርሽ ስትለኝ ነበር?»

«አባትሽ እሺ ብለዋል። ኒካው ይለፍና ቀስ ብለን እናስረዳቸዋለን ብዬ…»

«ኒካው ይለፍ?» ድምፅዋ ወረደ፤ ኢምራን የፈራው መውረዱን ነው። «እኔን ካገኘህ በኋላ ነው ስለ እኔ የሚታሰበው? ሰዉ ሁሉ እጅሽን ቀይሪ ነው ያለኝ። አንተ ጭራሽ እጅሽን ቁረጪው አልክ።»

«ሐፍሲ…»

«ሐፍሲ አትበለኝ! የተባለውን ራስህ ሄደህ መልስ። ሽማግሌ እንዳትልክ። በራስህ አፍ። ያለዚያ ኒካ የለም።»

ስልኩን አላነሳችለትም። አንድ ሳምንት አለፈ።

የአረፋ ዋዜማ ሰልፉ ከሥጋ ቤቱ አልፎ ፓርኪንጉ ድረስ ወጥቷል። ሰው ሁሉ የቁጥር ወረቀት ይዟል። የአክስቷ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ በቀኝ እጁ የበግ ጭን ይታገላል፤ በጉ እያሸነፈ ነው። ሐፍሳ በጓሮው በር አጠገብ ሆና ቢላው አጥንት ሲመታ ትሰማለች፤ በመታ ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

«ሃምሳ ስምንት!» አለ ልጁ። «ምን ልስጥህ?»

«ጋሽ አብዱልሐሚድን» አለ ኢምራን።

ሐፍሳ እጇ ላይ ያለውን አስቀመጠች።

«ልጄ! ምን ሰልፍ ያስይዝሃል? ግባ እንጂ!» አሉ አባቷ ከባንኮኒው ጀርባ።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ሐፍሳ ቢላ አትይዝም ያሉትን እኔ አላልኩም። ሰምቼ ዝም ማለቴ ግን የእኔ ጥፋት ነው። ሐፍሳ ሥጋ ቆራጭ ናት። ቢላ የማትይዝ ሐፍሳን አላውቃትም፤ ላገባትም አልጠየቅኋትም። በዚህ ካልፈቀዱልኝ እስኪፈቅዱልኝ እጠብቃለሁ።»

ሰልፉ አንገቱን አሰገገ። ሰልፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል።

«ይሄ ሰው ፊት የሚነገር ነው?» አሉ ጋሽ አብዱልሐሚድ።

«ቃሉም የተሰጠው ሰው ፊት ነው።»

አባቷ ምስክር እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ደንበኛውስ? በግራ እጅ የተቆረጠ ማን ይገዛኛል?»

ስልሳ ቁጥር የያዙ አንዲት ወይዘሮ ወረቀታቸውን አወናጨፉ። «ይኼ ልጅ በቀኙ እየቆረጠ ሁለት ሰዓት አቆመን! በእግሯም ብትቆርጥ ትቁረጥልን!»

ሰልፉ ሳቀ። ጋሽ አብዱልሐሚድ አልሳቁም። የተቀዳደደውን ጭን አዩ፣ ሰልፉን አዩ፣ በመጨረሻ የጓሮውን በር አዩ። ሽርጣቸውን ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ሄደው ሒሳብ መቀበያው ላይ ተቀመጡ። 

ሐፍሳ ወጣች። ሽርጡን ታጠቀች። ቢላውን በግራዋ ያዘች፤ ሰልፉም መሄድ ጀመረ።

ኢምራን እዚያው ቆሟል። «ሐፍሳ፣ ኒካው…»

«ቁጥርህ አልፏል» አለች፣ ቀና ሳትል። «ሌላ ውሰድ።»

ሄዶ ወሰደ። ዘጠና አንድ። ከበሩ አጠገብ፣ አንዲት እናት በሕፃን ጋሪ ያጣበቡት ጥግ ቆመ።

ሃምሳ ዘጠኝን አስተናገደች። ስልሳን፣ ስልሳ አንድን። ንዴቷ አልበረደም፤ ትከሻ ስትበልት እንኳን በልቧ ገና ትጨቃጨቀዋለች፣ አንዳንዴም ትረታዋለች። ስልሳ ሁለት ላይ ቀና አለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ያያታል። አይቸኩልም። ሌላ ሰባት ወርም የሚቆም ይመስላል።

ቢላውን በጨርቅ ጠረገችው።

«ዘጠና አንድ!» ብላ ተጣራች።

«ኧረ ስልሳ ሦስት ነው! ሰልፍ አለ እኮ!» ብሎ ሰዉ ተንጫጫ።

«ዘጠና አንድ ነው ያልኩት» አለች ሐፍሳ።