ባሕሩን ያላየችው እልፍነሽ

ጠጋ በሉ። መብራቱም ጠፍቷል፣ ጨለማውም ከብዷል፤ ለእንዲህ ያለው ወሬ ይስማማል። የምነግራችሁ ነገር ግን በሌሊት የሆነ አይደለም። መንፈስ የሚወጣው በሌሊት ብቻ ይመስላችኋል? ቀትርስ? ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ የሰው ጥላ እግሩ ሥር ሲገባ፣ ወፍ እንኳ ትንፍሽ ሳይል፣ ያን ጊዜ የሚሄደውን ማን ያውቀዋል?

ነገሩ የሆነው በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት። መንገዱም ከአሰብ ወደ ሰሜን ባሕሩን ተከትሎ የሚሄደው ነው። በቀኝ ባሕር፣ በግራ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ። ቀኑን ሙሉ ብትሄዱ ሰው አታገኙም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ስሙ ልሳነወርቅ ነው፤ ሰዉ ልሳኑ ይለዋል።

ለምን ብቻውን ሄደ?

ልሳኑ የቦቴ ሹፌር ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከወደብ ነዳጅ እየጫነ ወደ ደጋ ወጣ። ሃያ ስምንት ዓመት ባሕሩን አየ። ሚስቱ እልፍነሽ ግን ከመንደሯ ርቃ አታውቅም። ከመንገድ ሲመጣ እግሩን እያጠበች፣ "ዛሬስ ምን ይመስል ነበር?" ትለዋለች።

"ምኑ?"

"ባሕሩ ነዋ።"

"ውሃ ነው፤ ምን ይመስላል።"

"አንድ ቀን አሳየኝ።"

"ይሁን፤ በሚቀጥለው ጉዞ።"

የሚቀጥለው ጉዞ ስንት ሆነ? እናንተ ቁጠሩት። ልጅ አልወለዱም። እልፍነሽ ከዚህ ሌላ ነገር ለምናው አታውቅም።

ጡረታ ሲወጣ አሮጌ አውቶቡስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቀለ። አልጋ አስገባ፣ የጋዝ ምድጃ አስገባ፣ የውሃ በርሜል አሰረ። በመስኮቱ በኩል ለእልፍነሽ አንድ ወንበር ብቻ አስቀረ። መንደርተኛው "ጎማ ያለው ቤት" አለው። "ወር ሙሉ ባሕሩን ተከትለን እንሄዳለን፤ ደስ ባለን ቦታ እናድራለን" አላት።

እልፍነሽ ግን ልቧ ታሞ ነበር። የአውቶቡሱን ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ አረፈች። ቢሆንም ሄዱ። ቁልቁለቱን ጨርሰው የቆላው ሙቀት ሲቀበላቸው፣ "ደረስን እንዴ?" አለችው።

"ነገ" አላት።

ነገን አላየችም። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ቀበራት። አርባዋን አወጣ። ከዚያ ወደ አገሩ መመለስ ሲገባው አውቶቡሱን አስነሣና ወደ ባሕሩ ሄደ። ለምን? እሱም አያውቀውም።

በመጀመሪያው ቀን፣ በቀትር፣ ስፖኪዮውን አየ። ከኋላ፣ በጣም ሩቅ፣ አንድ ነጭ ነገር አለ። የጨው ክምር ይሆናል አለና ሄደ።

በሁለተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ስፖኪዮውን አየ። ነጩ ነገር ይራመዳል። ነጠላ የለበሰች ሴት ናት። እሱ በሞተር ይሄዳል፤ እሷ በእግሯ ትሄዳለች፤ ግን አትርቅም። ይህን ምን ትሉታላችሁ? ልሳኑ አባታችን ሆይ እየደገመ ነዳጅ ረገጠ። አልራቀችም።

በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ስፖኪዮውን አየ። ማንም የለም። እፎይ አለ። ያን ጊዜ ከኋላው፣ መስኮቱ ዳር ያለው ወንበር ሲጥጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

ፍሬን ያዘ። ሞተሩን አጠፋ። አልዞረም።

"እልፌ?" አለ።

"አቤት።"

እንባው ወረደ። ከፍርሃት ነው? ከናፍቆት ነው? ኋላ ሲጠየቅ ሁለቱም ነው ብሏል።

"ይህን ሁሉ መንገድ በእግርሽ?"

"የሞተርህን ድምፅ እየሰማሁ መጣሁ። ልሳኑ፣ ባሕሩ የት ነው?"

"ይኸው፤ በመስኮቱ በኩል።"

"ጨለማ ነው። አይታየኝም።"

ዞሮ አያት። ፊቷ ያው የእሷ ነው። ዓይኖቿ ግን በሞተች ዕለት በገዛ እጁ እንደከደናቸው ናቸው።

እጇን ያዘ። ቀዝቃዛ ነው፣ በዚያ ሐሩር። እየመራ እስከ ውሃው አወረዳትና አሸዋው ላይ ተቀመጡ። ይነግራት ጀመር። "እዚህ ዳር ላይ አረንጓዴ ነው። ወዲያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ማዕበሉ ብድግ ቁጭ ያደርጋቸዋል።" ሃያ ስምንት ዓመት ያልነገራትን ሁሉ ነገራት።

"አይታየኝም" አለች። "ዓይንህን አውሰኝ።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

ልሳኑ፣ "ውሰጂው" አላት።

ወዲያው ጨለመበት። ፀሐይዋ ፊቱን ትፈጀዋለች፤ ብርሃን ግን የለም። እጇ ከእጁ ወጣ።

"አየሽው?" አላት።

የተሰማው የማዕበሉ ድምፅ ብቻ።

ሁመድ የሚባል የአፋር ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ወደ ዳር ሲያወጣ አገኘው። ዓይኑ ክፍት ነው። ሁመድ እጁን ፊቱ ላይ ቢያወዛውዝ አልተርገበገበም።

"አብራህ የነበረችው ሚስትህ ናት?" አለው ሁመድ።

"አየሃት?"

"ከጀልባው ላይ አየኋት። ባሕሩን እያየች እንደ ልጅ ትስቅ ነበር። ከዚያ ተነሥታ ወደ ውሃው ገባች። ብጠራት አልሰማችኝም፤ አልወጣችም።"

ልሳኑ ፊቱን ወደ ማዕበሉ ድምፅ አዞረ።

"ስትገባ ወደ እኔ ዞራ ነበር?"

ሁመድ ክንዱን ይዞ ከአሸዋው አስነሣው።

"ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችኝም?"

"አላየችህም" አለ ሁመድ።

ከዚያ ሁመድ ከወደብ የሚወጣ መኪና ለምኖ ወደ መንደሩ ላከው። አውቶቡሱን አሸዋ በላው። ልሳኑ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ዓይኑ አልተመለሰም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ በቀትር በባሕር ዳር ስትሄዱ የሞተ ሰው አንዳች ነገር ቢለምናችሁ አትስጡ። እንዲህ እላችኋለሁ እንጂ፣ የወደደ ሰው እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። እጃችሁን የሚይዝ ሰው ይኑር።