ሦስቱ ባዝራዎች ከጭቃው ቤተ መንግሥት

ዶልቻንማና የባሏ አባት ሽማግሌው ሳምቡ የተሰረቁባቸውን አራት ባዝራዎች ኮቴ እየተከተሉ በእግራቸው ከሰፈር ወጡ። ሌላ የሚጋልቡት ፈረስ የላቸውም። ባሏ ከንደን እግሩን ታሞ ድንኳን ውስጥ ቀርቷል። የሚኖሩት በወተታቸው ስለሆነ ባዝራዎቹ ካልተመለሱ ለከርሞ የሚበላም የሚጠጣም የለም።

የመጀመሪያውን ቀን በረዶ ያዘለ ዐውሎ ነፋስ ፊታቸውን ሲገርፍ ዋለ። በማግስቱ ጥድ ጫካ ውስጥ አንዷን ባዝራ ሆዷ ተዘርግፎ አገኟት። ተኩላዎቹ ሬሳውን ከበው ጥርሳቸውን አገጠጡባቸው። ዶልቻንማ ጠመንጃዋን ከትከሻዋ አውርዳ ተኮሰች፤ አንዱ ተዘረረ፣ የቀሩት ተበተኑ።

ኮቴው ተሬ ሆል ሐይቅ አደረሳቸውና በረዶውን አቋርጦ ወደ ደሴቲቱ አቀና። እዚያ የጥንቱ የኡይጉር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ፈራርሶ የጭቃ ግንቡ ብቻ ተገትሮ ቀርቷል። ከሌባ በቀር ማንም አይረግጠውም።

«አባባ፣ በረዶው ጠቁሯል፤ ሳስቷል።»

«አይቻለሁ። እኔ ልቅደም።»

«እኔ ክብደቴ ያንሳል እኮ!»

«ከንደንን ማን ያስታምመዋል? እኔ ነኝ? ዝም ብለሽ ራቅ ብለሽ ተከተይ!»

ለደሴቲቱ ጥቂት ሲቀራቸው በረዶው ተሰነጠቀ። ሽማግሌው እስከ ብብቱ ሰመጠ። ዶልቻንማ በደረቷ እየተሳበች ስትቀርበው በረዶውን እየሞከረ የመጣበትን በትር ወረወረላት።

«እንዳትጠጊኝ! በሰሜን በኩል ዙሪ!»

ውሃው ዋጠው።

እሷ ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም። ዞራ ግንቡን ስታልፍ ሦስቱ ባዝራዎች ቆመዋል። አጠገባቸው በአገሩ የታወቀው ፈረስ ሌባ ሾይዳክ የተናደ ግንብ እግሩን ተጭኖት ያቃስታል።

«እትዬ፣ በእናትሽ አውጪኝ!»

ጠመንጃዋን ግንባሩ ላይ ደገነች። «ሳምቡ አንተን ሲከተል ሐይቁ በላው።»

«የትኛው ሳምቡ? ሽማግሌው?» ፊቱ አመድ መሰለ። «በረሃቡ ጊዜ ያበላኝ እሱ ነው... ባዝራዎቹ የሱ መሆናቸውን አላወቅሁም። በይ ተኩሺ።»

ጣቷ ምላጩ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጠመንጃውን ጥላ በሽማግሌው በትር ጭቃውን ትፈነቅል ጀመር።

«አልገድልህም። ለልጁ ራስህ ትነግረዋለህ።»

አንዷ ባዝራ ላይ ጠፍራ አስራው በሰሜን በኩል ተሻገረች። ሰፈር ሲደርሱ ከንደን እያነከሰ ወጣ። ከኋላቸው ያለውን ባዶ መንገድ አየ።

«አባባስ?»

ዶልቻንማ ልጓሙን ይዛ ሌባው የታሰረባትን ባዝራ ባሏ ፊት አቆመች። ሾይዳክ አንገቱን ደፍቶ «ሐይቁ...» ሲል አንሾካሾከ።

«ጮክ ብለህ!» አለችው።