በርሜል ከአልጋው ጠፋ

ነርሷ መጋረጃውን ስትገልጥ አልጋው ባዶ ነበር። አንሶላው ገና ይሞቃል።

የጨጓራ መቀነሻ ቀዶ ጥገናው ረፋድ ላይ ነው። የጠፋው ሰው ደግሞ ተደብቆ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም። መቶ ስልሳ ኪሎ የሚመዝን፣ ከተማው ሁሉ «በርሜል» ብሎ የሚጠራው ኮሜዲያን ነው። ከቀጭኑ ጓደኛው ከ«ሲባጎ» ጋር መድረክ ላይ ብቅ ሲል፣ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

ኢንስፔክተሯ ደረሰች። መጀመሪያ ያነጋገረችው አጠገቡ የተኙትን ሽማግሌ ነው።

«አባባ፣ ምን አዩ?»

«ዶክተሩ ደወለለት። ‹አንድ ምርመራ ቀርቶሃል፣ ሰው ልኬልሃለሁ› ሲለው ከስልኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወዲያው አንድ ጭምብል ያደረገ ባለ ነጭ ጋዎን መጥቶ በዊልቸር ወሰደው። ጎማው ሲያቃስት ነበር!»

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ታለቅሳለች።

«ቀዶ ጥገናውን ተቃውመሽ ነበር አሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«አዎ! ቢላ ሲባል ነፍሴ ትወጣለች። በኋላ ግን አብሬው ሐኪም ዘንድ ተመላለስኩ። ሁሉንም ሳይደብቁ ነገሩን። ደም ሊፈስ፣ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ጨጓራው ቢቀነስም አመጋገቡን ካልቀየረ ውፍረቱ ይመለሳል። ቫይታሚን ዕድሜ ልክ ነው፤ ክትትሉም እንደዚያው። ሰምቶ፣ አስቦ ነው እሺ ያለው። ስኳሩ ዓይኑን እየወሰደበት ነው፤ ልጃችን ስታድግ ማየት ይፈልጋል።»

«ጠላት አለው?»

«በቲቪ ያሾፈበት የቦርጭ ማጥፊያ ዱቄት ሻጭ ዝቶበታል።»

ሻጩን መፈለግ አላስቸገረም። እዚያው ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ የዚሁ ዶክተር ወረፋ ላይ ተቀምጧል። ቦርጩ ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

«እባክሽ እዚህ እንዳየሽኝ ለደንበኞቼ እንዳትነግሪብኝ» አለ ላብ በላብ ሆኖ።

ኢንስፔክተሯ ሳቋን ውጣ ወደ ዶክተሩ ሄደች። እሱ ግን ከማለዳ ጀምሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር፤ ለማንም አልደወለም።

ወደ ሚስቱ ተመለሰች። «የዶክተሩን ድምፅ ማን ማስመሰል ይችላል?»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ሲባጎ! ሊጠይቀው መጥቶ ዶክተሩ ሲያወራ ሰምቷል። እሱ እኮ አንዴ የእናቴን ድምፅ አስመስሎ ደውሎ እኔኑ አታሎኛል!»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱ ወደሚጫወቱበት ቲያትር ቤት ሮጠች። የአልባሳት ክፍሉ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። በሩ ተገፍቶ ተከፈተ።

በርሜል የሆስፒታል ቀሚሱን እንደለበሰ በመድረክ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተሰይሟል። ፊት ለፊቱ የተጠበሰ ዶሮና ባለ ክሬም ኬክ ተደርድሯል። ሲባጎ ተንበርክኮ ይለምናል። «አንዴ ብቻ ጉረስልኝ፣ በሞቴ!»

«ኢንስፔክተር!» ብሎ ጮኸ በርሜል። «ምስክር ይሁኑልኝ! አልቀመስኩም!»

«ለምንድን ነው ያገትከው?» አለችው ሲባጎን።

«ከጎረሰ ማደንዘዣ አይሰጡትም፤ ቀጠሮው ይሰረዛል ብዬ ነው። እሱ ከቀጠነ በማን ይሳቃል? ሁለት ቀጫጫ ቢገተር ምን ያስቃል?» የያዘውን ጉርሻ አስቀመጠ። «ደግሞ... ቢላው ሥር ቢቀርብኝስ?»

በርሜል ዶሮውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ጓደኛውን አየው።

«ያን ቀን መድረክ ላይ ስወድቅ አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ ታስታውሳለህ? ቀልድ አልነበረም፣ ወንድሜ። የምር ነው የወደቅኩት። ትንፋሽ አጥሮኝ።»

ሲባጎ ደነገጠ። ያን ቀን እሱም ስቆ ነበር። እንባው ኬኩ ላይ ተንጠባጠበ።

«ሰው ማገት ወንጀል ነው» አለች ኢንስፔክተሯ ካቴናዋን እየዳሰሰች። «ትከሰዋለህ?»

«መጀመሪያ ሆስፒታል አድርሱኝ! እሱም ይምጣና ዶክተሩ የነገረኝን ሁሉ ቁጭ ብሎ ይስማ። ከዚያ በየማለዳው አብሮኝ በእግሩ ይሂድ። ካመለጠ ያን ጊዜ እሰሩት።»

የፖሊስ መኪናው እየጮኸ በረረ። ዶክተሩ በርሜልን መርምሮ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባው። በሩ ላይ ግን ወደ ሲባጎ ዞረ።

«ለመሆኑ ድምፄ እንዴት ነው? እስቲ አሰማኝ።»

ሲባጎ አሰማው። ነርሶቹ ግድግዳ ደግፈው ሳቁ። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ።

ከዓመት በኋላ የመድረኩ መጋረጃ ተከፈተ። አንድ ሰው ከጀርባ እየሮጠ ወጣ። አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ማንም አላወቀውም።

«ምነው?» አለ ሰውየው። «ድሮ ሆዴ ቀድሞኝ ይገባ ነበር። ዛሬ እኔ ቀደምኩት። እሱን የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ፣ አይመጣም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊት ወንበር ላይ ሚስቱ ልጇን አቅፋ፣ ኢንስፔክተሯም ከጎኗ ሆና ያጨበጭባሉ። ሲባጎ ደግሞ የራሱን ተራ ረስቶ፣ ከተመልካቹ እኩል እያነባ ይስቃል።